የቪም ፊደላት ከየት መጡ?

ባሕር ዳር ኮምፒውተር የሚማር ወዳጅ ካላችሁ ቪምን መጀመሪያ የከፈተበትን ቀን ጠይቁት። ሊጽፍ ቢሞክር ፊደሉ አልጻፍ፣ ሊወጣ ቢሞክር በሩ አልከፈት። ማውዝ አይሠራ፣ ሜኑ የለ። የማን ተንኮል ነው ብለን ታሪኩን አገላበጥን።

ተንኮል ሳይሆን የቀርፋፋ መስመር ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የበርክሌዩ ተማሪ ቢል ጆይ የቪምን አባት ቪአይን ሲሠራ ከቤቱ የሚገናኘው በ300 ቦድ ሞደም ነበር፤ በሰከንድ 30 ፊደል ገደማ መሆኑ ነው። (ዳያል አፕ ያየን ሰዎች ነን፣ ይገባናል።) ስለዚህ ትእዛዙን ወደ አንድና ሁለት ፊደል አሳጠረው። የሚጠቀምበት ኤዲኤም-3ኤ ተርሚናል ለብቻቸው የቆሙ የቀስት ቁልፎች አልነበሩትም፤ ቀስቶቹ የታተሙት ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል ላይ ነው፦ ግራ፣ ታች፣ ላይ፣ ቀኝ። ኢስኬፕም ዛሬ ታብ ያለበት ቦታ፣ ለጣት ቅርብ ነበረች። ተርሚናሉ ሙዚየም ገባ፤ እኛ ግን ዛሬም ጣታችንን እስከ ጥግ እንዘረጋለን።

ይህን ላወቀ ጅማሬው አይከብድም። ሲከፈት ፊደል ሁሉ ትእዛዝ ነው። «አይ»ን ስትጫኑ መጻፍ ይጀመራል፣ ኢስኬፕ ወደ ትእዛዝ ይመልሳል። «ዲ» ሁለቴ ስትነካ መስመር ታጠፋለች፣ «ዩ» የጠፋውን ትመልሳለች። ኢስኬፕ፣ ሁለት ነጥብ፣ ኪው፣ ቃለ አጋኖ፣ ኢንተር፦ በሩ ተከፈተ። ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ ካለ ግን ደህና ሰንብት!

ለእኛ ሌላም ጣጣ አለ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ ጄን ስትጫኑ የሚመጣው «ጅ» ነው፤ ቪም ደግሞ «ጅ» የምትባል ትእዛዝ አያውቅም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንኳ በ1999 ነው፤ ቪአይ ከተወለደ ከ23 ዓመት በኋላ። ኮዱ መሐል በአማርኛ ማብራሪያ የሚጽፍ ሰው ኪቦርድ ሲቀያይር ይውላል።

ቪም ራሱ የሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር ሥራ ነው። በ1991 ለሕዝብ አወጣው፣ በ2023 እስኪሞትም አልተለየውም። በ1994 ደግሞ ደቡብ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ ጠረፍ አጠገብ ባለችው ኪባሌ ከተማ በውሃና በንጽህና ሥራ ሲያገለግል ቆየ። ኤድስ ወላጆችን የጨረሰበት አካባቢ ነበር። ፕሮግራሙን በነጻ ሰጥቶ፣ የወደደው ሰው ለኪባሌ ልጆች እንዲለግስ ለመነ። የጥቁር ዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይ እኛ ዘንድ ነው፤ የዚህ ፕሮግራም ልመና ደግሞ ከነጭ ዓባይ አገር ሰዎች ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘነው።

ቪም ባዶውን ሲከፈት የሚያሳየው ገጽ ለዓመታት የኡጋንዳን ድሃ ሕፃናት እርዱ ይል ነበር። መውጫው የጠፋበት ጀማሪ ግን ያንን የሚያነብበት ፋታ የለውም።