ታውንስ (አልበም)

ታውንስ አሜሪካዊው ስቲቭ ኧርል ለመምህሩና ለወዳጁ ለታውንስ ቫን ዛንት መታሰቢያ በ2009 እ.ኤ.አ. በኒው ዌስት ሪከርድስ በኩል ያወጣው አልበም ነው። የቴክሳሱ ተወላጅ ቫን ዛንት የፎክና የካንትሪ ዘፋኝ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲ ነበር፤ በ1944 ተወልዶ ጥር 1 ቀን 1997 አረፈ። ኧርል አብዛኞቹን ዘፈኖች መጀመሪያ ብቻውን በጊታር ቀረጸ፤ የቀረው አጀብ የተደረበው ኋላ ነው። ከሁሉ ጎልቶ የሚወጣው «ሚስተር መድ ኤንድ ሚስተር ጎልድ» ነው። ቃላቱ ትንፋሽ በማይሰጡበት በዚህ የካርታ ጨዋታ ትረካ ላይ አባትና ልጅ ስንኝ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። ልጁ ጀስቲን ታውንስ ኧርል ይባላል፤ መካከለኛ ስሙ የወጣለት በሟቹ ነው። በ«ላንግስ» ላይ ደግሞ የቶም ሞሬሎ ኤሌክትሪክ ጊታር ይሰማል፤ ለስላሳ ቅጂ ለለመደ ጆሮ ግን ይከብዳል። አልበሙ በ2010 በዘመናዊ ፎክ ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አግኝቷል።