ፕሮፌሰሩ እንደራሴ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ ቆመው የመንግሥታቱን ማኅበር የወቀሱት ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በአራተኛው ቀን ማኅበሩ በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ ለማንሳት ወሰነ። በዚያው ሰሞን፣ ሐምሌ 2፣ ደርቢ በምትባል የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ የማሟያ ምርጫ ተደረገ። የቀድሞው እንደራሴ፣ ሚኒስትሩ ጄ. ኤች. ቶማስ፣ የበጀት ምስጢር አሾልከዋል ተብለው ወንበራቸውን ለቀው ነበር። ያሸነፉት የሌበር ፓርቲው ፊሊፕ ኖኤል ቤከር ናቸው። በዚያ ማኅበር ላይ ከእሳቸው የበለጠ ተስፋ የጣለ እንግሊዛዊ ማግኘት ይቸግራል።

ሰውየው የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1889 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ የአውሮፓ ናቸው) ለንደን ውስጥ፣ ጦር መሣሪያ አናነሣም ከሚሉት ከኩዌከሮች ቤት ነው። አባታቸውም የፓርላማ አባል ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጠመንጃውን ትተው በአምቡላንስ ቁስለኛ ያነሡ ነበር፤ በጣሊያን ግንባር ላሳዩት ጀግንነት የሮማ መንግሥት የብር ሜዳይ ሸለማቸው። የኋላውን ለሚያውቅ ይህ ሜዳይ ግርም ይላል።

ሌላም የብር ሜዳይ አላቸው፤ ይኼኛው እኛን ሩጫ ወዳዶቹን ይመለከታል። በ1920 አንትወርፕ ኦሎምፒክ በ1500 ሜትር የአገራቸውን ልጅ አልበርት ሂልን ተከትለው ሁለተኛ ወጡ። ሂል 800 ሜትሩን አስቀድሞ አሸንፏል፤ ለሁለተኛው ወርቅ ግን የኖኤል ቤከር እገዛ እንዳለበት ይነገራል። የኦሎምፒክ ሜዳይንም የኖቤል ሽልማትንም ያገኘ ሰው ከእሳቸው ሌላ የለም።

ከ1924 እስከ 1929 በለንደን ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ለዚያ አዲስ ወንበር የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ያስተማሩት ከመጽሐፍ ብቻ ያገኙትን አይደለም፤ ማኅበሩ ፓሪስ ላይ ሲጠነሰስ ከሎርድ ሮበርት ሴሲል ጋር ደክመዋል፣ በጽሕፈት ቤቱም ሠርተዋል። እምነታቸው ሲጠቃለል፣ አንዱ አገር ሲወረር ሁሉም እንደተወረረ ይቁጠር፣ የጦር መሣሪያውም ይቀነስ የሚል ነው። በ1929 ከኮቨንትሪ ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ፤ በ1931 ሌበር ክፉኛ ሲሸነፍ አብረው ወደቁ። ስለዚህ ያስተማሩት ሁሉ በኢትዮጵያ ላይ ሲፈተን እሳቸው ከምክር ቤት ውጭ ነበሩ። በደርቢ በኩል ሲመለሱ ማዕቀቡ ሊነሣ ቀናት ቀርተውታል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሌበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር አትሊ ሹመት ሰጧቸው። ትጥቅ ይፈታ ባዩ ኩዌከር በ1946 የአየር ኃይል ሚኒስትር ሆኑ! ቀጥሎ የኮመንዌልዝ፣ ከዚያም የነዳጅና ኃይል ጉዳይ ተሰጣቸው። በሚኒስትርነቱ ብዙም አልገነኑም፤ በእኔ ግምት ለጽሕፈት ቤት ሥራ ሳይሆን ለሙግት የተፈጠሩ ሰው ናቸው። በ1958 ስለ ጦር መሣሪያ እሽቅድድም ያሳተሙት መጽሐፍ ሰፊ መነጋገሪያ ሆነ፤ በዓመቱ የኖቤል የሰላም ሽልማት መጣ።

ደርቢን ሲሰናበቱ ዓመቱ 1970፣ ዕድሜያቸው 80 ነበር። ሎርድ ተብለው በ1977 ወደ ላይኛው ምክር ቤት ገቡ። ዘጠና ሲሞላቸው ከፌነር ብሮክዌይ ጋር ሆነው ዓለም ትጥቁን ይፍታ የሚል ሌላ ዘመቻ ጀመሩ፤ በ1982 ሲያርፉም ዘመቻው ገና አልቆመም ነበር።