ስሙን የማናውቀው ቡቃያ፦ ቅንጬ አረም እንዴት ገባብን?

ዝናቡ ሲጀምር ጓሯችሁ ውስጥ ያልዘራችሁት ነገር ሁሉ ብቅ ይላል። አብዛኛውን ታውቁታላችሁ፤ ሙጃ፣ መጭ፣ አሉማ፣ አስተናግር ትሉታላችሁ። አባቶቻችን ለአረሙ ሁሉ ስም ያወጡለት አብረውት ስለኖሩ ነው። እንግዲህ የመንደሩ ሽማግሌዎች አይተው «ይሄንንስ አላውቀውም» የሚሉት ቡቃያ ካለ፣ አዲስ መጤ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ማጣራት ያስፈልጋል። ዝም ሲባል ምን እንደሚመጣ ከቅንጬ አረም ታሪክ እንይ።

ሳይንሱ ፓርቴኒየም የሚለው ይህ አረም የትውልድ አገሩ ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ነው። ውቅያኖስ ያሻገረው ሰው ነው። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ከቴክሳስ በመጣ የሳር ዘር ውስጥ ተደባልቆ ገባ። ለዓመታት ብዙም ትኩረት ሳይስብ ቆየና በ1970ዎቹ የኩዊንስላንድን የግጦሽ መሬት ወረረ።

በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በድሬዳዋ፣ በሐረርጌና በወሎ፣ የእርዳታ እህል ይከፋፈልባቸው በነበሩ ቦታዎች አቅራቢያ ታየ። ብዙ ተመራማሪዎች በ77ቱ ድርቅ ዘመን ከመጣው የእርዳታ እህል ጋር እንደገባ ያምናሉ፤ ከሶማሊያው ጦርነት ተሽከርካሪዎች ጋር ነው የመጣው የሚሉም አሉ። ከዚያ ወዲያ የመኪና ጎማ፣ ጎርፍ፣ ጭቃ የያዘ የከብት ኮቴና የእህል ጆንያ መንገድ ለመንገድ አዳረሱት።

መጀመሪያ ላይ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ስም ያገኘው ጉዳቱ ከታየ በኋላ ነው። በኦሮምኛ «ፈረምሲሳ» ተባለ፤ መሬትህን ፈርመህ አስረክብ እንደማለት ነው። ስሙ ያለምክንያት አልወጣም፦ ካልታረመ የማሽላን ምርት ከ90 በመቶ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል። የነካው ሰው ቆዳው ሊያሳክከው፣ አስምም ሊቀሰቀስበት ይችላል።

ታዲያ በምን ትለዩታላችሁ? ሲበቅል ቅጠሉ መሬት ላይ ክብ ሆኖ ይተኛል። ቅጠሉ እንደ ካሮት የተቆራረጠ ስለሆነ «ካሮት ይሆናል» ብሎ የሚያሳድገው አይጠፋም። ቆይቶ ግንዱ ቀጥ ብሎ ይወጣና ቅርንጫፍ ያበዛል፤ ጫፉ ላይ ቅንጬ የሚመስሉ ጥቃቅን ነጫጭ አበቦች ይደረደራሉ። ከበቀለ በአንድ ወር ገደማ ሊያብብ ይችላል፤ አንዱ ተክል ብቻ ከ15,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል።

ስለዚህ የማታውቁትን ቡቃያ ስታዩ አበባ እስኪያወጣ አትጠብቁ። እጃችሁን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍኑ፤ አንዱን ከነሥሩ ነቅላችሁ፣ በፌስታል አስራችሁ ለቀበሌያችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አሳዩ። ቅንጬ ከሆነ፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ ሁሉንም ከነሥሩ ንቀሉ። ካበበ ደግሞ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት፣ መንገድ ዳርም አትጣሉት። ከሌላ አካባቢ ዘር፣ ድርቆሽ ወይም አፈር ስታመጡም ያረፈበትን ቦታ ሁለት ሦስት ክረምት እየዞራችሁ እዩት። ጓሮ ውስጥ አሥር ቡቃያ መንቀል የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ማሳ ከገባ በኋላ ግን መላ ቤተሰቡን ዓመት ከዓመት ያደክማል።