ክሪክና ክንድ

በ13ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው ቪያር ደ ኦንኩር ከባድ ሸክምን በጠመዝማዛ ብሎን የሚያነሣ መሣሪያ በንድፍ ደብተሩ ሥሎ አልፏል፤ ደብተሩ ዛሬም በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የመዝናኛ ተሳቢ ቤትን ደግፎ የሚያቆመው የኤሌክትሪክ ክሪክም የሚሠራው በዚያው በብሎን ጥበብ ነው። የተለወጠው ክንዱ ነው፤ በሰው ጡንቻ ፈንታ ባለ 12 ቮልት ባትሪና ሞተር ገቡ።

እንግዲህ ክሪኩ አልሰበሰብ ብሎ ቤተሰብ ከሰፈረበት መነሣት ሲያቅተው፣ ሞተሩን አውጥቶ ከመጣል በፊት የሚመግበውን መመርመር ይገባል፦ ፊውዙን፣ ከሻሲው ጋር የታሰረውን ሽቦ ዝገት፣ ከሁሉ በላይ ባትሪውን። ባትሪ አታላይ ነው፤ ሥራ ፈትቶ ሲለካ ሙሉ ይመስላል፣ ቁልፉ ሲጫን ግን ቮልቱ ይወድቃል። ስለዚህ ሸክም ላይ ሳለ ይለካ።

ይህም ካልሆነ፣ ብዙዎቹ ክሪኮች የእጅ መዘውር ማስገቢያ አላቸው። ጎማው ታኮ ይደረግበታል፣ ፊውዙ ይነቀላል፣ ከዚያም ባለቤቱ እንደ ቪያር ዘመን ሰው በክንዱ ያዞራል።