የብዙኃን ውሳኔና የግለሰብ መብት
በዴሞክራሲያዊ አስተዳደር ውስጥ የሚደጋገፉ፣ አንዳንዴም ፊት ለፊት የሚጋጩ ሁለት መርሆች። ግጭቱ ጎልቶ ከታየባቸው አገሮች አንዷ ስዊዘርላንድ ናት። የአገሪቱ ወንዶች በ1959 (እ.ኤ.አ.) ባደረጉት ሕዝበ ውሳኔ ሴቶች በፌዴራል ደረጃ እንዳይመርጡ ከለከሉ፤ የፈቀዱት በ1971 ነው። አፔንዘል ኢነርሮደን የተባለችው ትንሽ ካንቶን ግን በራሷ ጉዳዮች እምቢታዋን ቀጠለች። ወንዶቹ በየዓመቱ አደባባይ ተሰብስበው እጅ በማውጣት ይወስኑ ነበር፤ በሚያዝያ 1990ም ጥያቄውን ዳግም ጣሉት። ጉባኤው የቆየና የተከበረ ሥርዓት ነበር፤ ሆኖም ባለድምፁ ወገን ድምፅ የሌለውን እንደተነፈገ ለማቆየት ድምፅ ሲሰጥ፣ ብልጫው ብቻውን ፍትሕ ሊሆን አይችልም። በዚያው ዓመት ኅዳር የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካንቶኗ ሕገ መንግሥት ሴቶችንም እንደሚያካትት ተርጉሞ ወሰነ። ሴቶች በ1991 ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጡ።