በቅዳሴው የማንን ስም እንጥራ?

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የድሮ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ከሚልኩልኝ ጥያቄዎች አንዱ ደጋግሞ ይመጣል። "መምህር፣ አባቶች እንዲህ ሲከፋፈሉ፣ ሥልጣንና ገንዘብ ሲያጣላቸው እያየን እንዴት እንጽና?" የሚል ነው። አንዳንዱ ተናዶ ይጽፋል፣ አንዳንዱ አዝኖ። እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ የምመልሰው በማውቀው፣ በታሪክ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። "የአባቶች ጠብ የአባቶች ነው፣ እኛን ምን አገባን" የሚል ሰው አለ። ያገባናል እንጂ! እዚህ አጅባር ያለ ቄስ ክህነቱን የተቀበለው ከጳጳስ ነው። ታቦቱን የባረከው ጳጳስ ነው። ሕፃን ሲጠመቅ የሚቀባው ሜሮን የሚመጣው ከላይ ነው። በየቅዳሴው ደግሞ የፓትርያርኩና የሀገረ ስብከቱ ሊቀ ጳጳስ ስም እየተጠራ ይጸለያል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ አባቶች ሲለያዩ ጭንቁ ተድባበ ማርያም ደጅ ድረስ ይመጣል፤ ካህኑ የአንዱን ስም መጥራት አለበትና። እናቶቻችን የቀኖናውን አንቀጽ ላያውቁ ይችላሉ፤ ስሙ ሲቀየር ግን ይሰማሉ። ዓሣ ግማቱ ካናቱ ነው ይባላል። የቤተ ክርስቲያንም ሕመም ከላይ ይጀምርና የሚያመው ግን ታች ያለውን ነው።

ይህ ሕመም የዛሬ አይደለም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዓምደ ጽዮን ጊዜ፣ ያኔ ቤተ አማራ ይባል በነበረው በዚህ በእኛው አገር አባ በጸሎተ ሚካኤል የሚባሉ የደብረ ጎል መነኩሴ ነበሩ። ከግብፅ የመጡትን ጳጳስ "ክህነትን በገንዘብ ይሰጣሉ" ብለው ከሰሷቸው። ኋላም ንጉሡን በትዳራቸው ጉዳይ ከገሠጹት መነኮሳት ጋር ቆሙ። ዋጋው ግዞት ሆነ። ልብ በሉ፤ ዛሬ ሲሞናዊነት እያልን የምንማረርበት ነገር ከ600 ዓመት በፊትም ነበረ፤ የተናገረውም የቤተ ክርስቲያን ጠላት ሳይሆን ልጇ ነበር።

በዚያ ዘመን ጳጳሱ የሚመጣው ከእስክንድርያ ነው። ለዚህ ሁሉ አገር ብዙውን ጊዜ አንድ ጳጳስ ብቻ! የሞተ እንደሆነ ሌላ እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ። አዲስ ቄስ የሚሾም የለም፤ ያለው ሲያረጅ የሚተካው አይገኝም። ሕዝቡ ግን ባሉት ካህናት እየቀደሰ፣ ልጁን እያስጠመቀ፣ ጾሙን እየጾመ ቆየ።

ከዚያ የባሰው በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ መጣ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። በ1626 ፓትርያርክ ተብለው ከሮም የተላኩት አልፎንሶ ሜንዴዝ ደግሞ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ አሉ። እስቲ በአንድ ገበሬ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። እናትህ ተጠምቃ ቆርባ ሞታለች። አሁን አንድ እንግዳ ሰው መጥቶ ጥምቀቷ ጥምቀት አልነበረም ይልሃል። ቤተ መንግሥቱ ደግሞ "ልክ ነው" ይላል። የላስታ ገበሬ ለምን እንደተነሣ ለመረዳት ብዙ የነገረ መለኮት መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ ሕዝቡ ወደ ቀደመ እምነቱ እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ጥፋቱ ከቤተ መንግሥትና ከመንበር መጣ፤ መመለሱን ያስገደደው ግን ባላገሩ ነው።

ወደ አያቶቻችን ዘመን እንምጣ። ጣሊያን ሲገባ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሐውልታቸውም ቆሟል። ብዙ የማይወራው ሌላው ግማሽ ነው። ጣሊያን ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ ለይቶ በዕድሜ የገፉትን አቡነ አብርሃምን የበላይ አድርጎ ሾመ። እስክንድርያ ደግሞ አወገዘች። ሁለቱም ጳጳሳት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት መካከል ናቸው፤ በ1921 ዓ.ም. አብረው የተሾሙ። አንዱ ለጥይት፣ አንዱ ለጣሊያን ሹመት! ምእመኑ በእነዚህ ዓመታት የማንን ስም ይጥራ? የታሪክ መጽሐፍ ስለ ጳጳሳቱ ይጽፋል እንጂ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ ስለተጨነቀች አንዲት ባልቴት አይጽፍም። ጭንቁ ግን ነበረ።

ከነጻነት በኋላ ረጅም ድርድር ተደረገና አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። "በቃ፣ አሁን የራሳችን ሆነ" ተባለ። የራሳችን መሆኑ እውነት ነው። ግን መንበሩ ከእስክንድርያ እጅ ሲወጣ ለቤተ መንግሥቱ እጅ ቀረበ። ከዚያ በኋላ ያለውን እስቲ ቁጠሩ።

ንጉሡ በ1967 ዓ.ም. መግቢያ ወረዱ፤ ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በየካቲት 1968 በደርግ ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ። በ1971 ዓ.ም. በምስጢር ተገደሉ፤ አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እሳቸው በእስር በሕይወት እያሉ ሦስተኛው ፓትርያርክ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተሾሙ። እስክንድርያም "ፓትርያርኩ በሕይወት እያሉ ሌላ አይሾምም" ብላ ሹመቱን አልተቀበለችም። አዲሱ ፓትርያርክ ወላይታ ውስጥ በገዳማዊ ኑሮ የኖሩ፣ ቅንጦት የማያውቁ አባት ነበሩ፤ ሕዝቡም በቅድስናቸው ወደዳቸው። አያችሁ ውስብስቡን? የመጡበት መንገድ የተጣመመ፣ ሰውየው ግን ደግ። ምእመኑ ለታሰሩት እያለቀሰ ለተሾሙት ጸለየ።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበሩ ወረዱ። አንዱ ወገን "በሕመም ምክንያት በፈቃዳቸው ለቀቁ" አለ። እሳቸውና ደጋፊዎቻቸው "በመንግሥት ግፊት ተገደን ነው" አሉ። በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ አምስተኛው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። አቡነ መርቆሬዎስም ተሰደው በመጨረሻ አሜሪካ ገቡ፤ እዚያ ስደተኛው ሲኖዶስ ተቋቋመ፤ ውግዘትም ተከተለ።

ውጭ አገር ያላችሁ ተማሪዎቼ የዚህን ውጤት ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በአንድ ከተማ ሦስት ዓይነት ቤተ ክርስቲያን ነበረ። አንዱ በአገር ቤቱ ሲኖዶስ ሥር፣ አንዱ በስደተኛው፣ አንዱ ደግሞ ከሁለቱም ራሱን አግልሎ "ገለልተኛ" የተባለ። እህትማማቾች ለየብቻ ያስቀድሱ ነበር። ክርስትና ሲነሣ፣ ሰው ሲሞት፣ የት ይሁን የሚለው ራሱ የቤተሰብ ጠብ ይሆን ነበር። ይህ ሁሉ 27 ዓመት ቆየ። በዚያን ጊዜ የተወለደ ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ አግብቶ ወልዷል።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ እርቅ ወረደ፤ አቡነ መርቆሬዎስም ወደ አገራቸው ገቡ። ስድስተኛው ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን እንዲመሩ፣ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎት እንዲቆዩ፣ የሁለቱም ስም በቅዳሴ እንዲጠራ ተወሰነ። ሰው ያለቀሰው ያለ ምክንያት አልነበረም። ግን የታሪክ ተማሪ ሌላም ነገር ማየት አለበት። በ1967 መንግሥት ተለወጠና በ1968 ፓትርያርክ ተለወጠ። በ1983ም እንዲሁ። በ2010 ደግሞ የመንግሥት ለውጥ መጣና እርቅ ሆነ። እርቁ ደስ ይላል፤ ቁልፉ አሁንም በቤተ መንግሥት እጅ መሆኑ ግን ሊያሳስበን ይገባ ነበር።

አምስት ዓመት ሳይሞላ አየነው። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በወሊሶ አቅራቢያ በሐሮ በዓለ ወልድ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። ሲኖዶሱ ጥር 18 አወገዘ። የሕዝቡን ቋንቋ የሚያውቅ አባት ይሾም የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ መማርና መቀደስ መብት ነው። የተሄደበት መንገድ ግን ሌላ ነገር አመጣ፤ ሻሸመኔ ላይ የሰው ሕይወት ጠፋ። በጾመ ነነዌ ሕዝቡ ጥቁር ለበሰ፤ እኛም ጋ ጥቁር የለበሰው ብዙ ነበር። የካቲት 8 ስምምነት ተደረሰ። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ዝም አለችን ብለው የተለዩት የትግራይ አባቶች አክሱም ላይ የራሳቸውን ጳጳሳት ሾሙ። የጽዮን ማርያም ምእመንና የተድባበ ማርያም ምእመን ለአንድ ፓትርያርክ መጸለይ አቃታቸው። እኔን በግሌ ከሁሉ በላይ የሚያመኝ ይኸኛው ነው።

ሙስሊም ተማሪዎቼ ይህን ስታነቡ "የእኛንም ይመስላል" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። በ2004 ዓ.ም. "ድምፃችን ይሰማ" ብላችሁ የተነሣችሁት መጅሊሱ የእኛ አይደለም፣ መሪዎቻችንን ራሳችን እንምረጥ ብላችሁ ነው። ወሎ ላይ በአንድ ገበያ እየተገበያየን፣ በአንድ ለቅሶ እየተቀመጥን፣ ሕመማችንም አንድ ዓይነት መሆኑ አይገርምም።

በሌላው ዓለምም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ቦስተን ላይ የካቶሊክ ቀሳውስት ሕፃናትን ሲያስነውሩ አለቆቻቸው ከደብር ደብር እያዛወሩ ሲሸፍኑላቸው እንደኖሩ ጋዜጣ አጋለጠ። ብዙ ምእመን ጥሎ ወጣ። ሌሎች ግን በአንድ ደብር ምድር ቤት ተሰብስበው "የምእመናን ድምፅ" የሚል ማኅበር አቋቋሙ፤ እምነታችንን አንተውም፣ መጠየቅም አናቆምም አሉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የቦስተኑ ካርዲናል በርናርድ ሎው ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ?

እኛ አገር "ቄሱ ያለህን አድርግ፣ ያደረገውን ግን አታድርግ" የሚል አባባል አለ። ጥሩ አባባል ነው። ሰውየውንና ክህነቱን ለይቶ ማየት ባይችሉ ኖሮ አያቶቻችን በሱስንዮስ ዘመንም፣ በጣሊያን ዘመንም፣ በደርግም ባልጸኑ ነበር። ነገር ግን ይህችው አባባል ሌላ ሥራም ትሠራለች፤ አጥፊን ትሸፍናለች። "ዝም በል፣ የአባቶችን ገመና አትግለጥ" የሚለው ሰው የሚጠቅሰው እሷን ነው። መጽናትና ዝም ማለት አንድ አይደሉም። አባ በጸሎተ ሚካኤል ጸንተዋል፤ ዝም ግን አላሉም።

ደግሞ ይህን አስተውሉ። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጣች፤ በዓመቱ ፓትርያርኳን አጣች። ብዙዎች አበቃላት ብለው ነበር። ያቆማት ምንድን ነው? ሰበካ ጉባኤ ነው። አቡነ ቴዎፍሎስ ከመታሰራቸው በፊት፣ በ1965 ዓ.ም.፣ ቃለ ዓዋዲ የሚባለው ደንብ ወጥቶ ነበር፤ ካህኑ፣ ምእመኑና ወጣቱ በአንድ ላይ ደብሩን እንዲያስተዳድሩ የሚደነግግ። ያ መዋቅር የምእመኑን ሳንቲም እየሰበሰበ ካህናቱን አበላ፣ ጣራውን ጠገነ። የታሰሩት ፓትርያርክ ትተውልን የሄዱት ውርስ ይህ ነው፤ ለተራው ምእመን ወንበር።

ያንን ወንበር ባዶ ያደረግነው እኛ ነን። ሰበካ ጉባኤ ሲመረጥ አንሄድም፤ ሒሳብ ሲነበብ አንቀመጥም፤ ኋላ ግን ሙስና በዛ እያልን በፌስቡክ እንማረራለን። በርግጥ ሄዶ የሚጠይቅም አለ፤ የሚገጥመውንም አውቃለሁ። ምእመን ገንዘብ ሲሰጥ የተባረከ ልጅ ነው፤ ደረሰኝ ሲጠይቅ መናፍቅ ይባላል። ይባል! ከአጥቢያ ጀምሮ የሚጠይቅ ሕዝብ ካለ ጳጳስ በወንዝና በዘር አይመረጥም፤ ቤተ መንግሥትም ደፍሮ እጁን አይሰድም። የማይጠይቅ ሕዝብ ካለ ግን በየመንግሥቱ ለውጥ ስም እየቀየርን መጸለይ ነው።

የተናደዳችሁትም፣ ያዘናችሁትም፣ ንዴታችሁ እምነት ማጣት አይምሰላችሁ። ሰው የሚያዝነው ለራሱ ቤት ነው። የሰው ቤት ሲያፈስ ማን እንቅልፍ ያጣል?

እስኪ በያላችሁበት ደብር የሰበካ ጉባኤው ምርጫ መቼ እንደሆነ ጠይቁና በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ። የምታውቁ ለማያውቀው ንገሩ።

ቸር ያሰማን።