ፎቶው ላይ ያለው ጳጳስ ማነው?

የካቲት 12 በመጣ ቁጥር ስልካችን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ይሞላል። ከግማሹ ሥር «አቡነ ጴጥሮስ»፣ ከሌላው ግማሽ ሥር ደግሞ «አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም» ተብሎ ይጻፋል። ማን ጻፈው? ከየት አገኘው? የሚጠይቅ የለም። እኛም አዝነን ወደሚቀጥለው ግሩፕ እናስተላልፋለን።

ዛሬ ለአንድ አፍታ ቆም ብለን እንጠይቅ።

ከቀኖቹ እንጀምር። አቡነ ጴጥሮስ የተረሸኑት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ በከፈቱት ጥቃት ማግስት ተይዘው ለፍርድ ቀረቡ፣ ወዲያውም ተገደሉ። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው ግን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ በምንለው ቦታ ነው። በሁለቱ መካከል ወደ ሰባት ወር የሚጠጋ ጊዜ አለ። ስለዚህ በዚያ የምጽዋት ሥነ ሥርዓት ላይ ከግራዚያኒ አጠገብ የቆመ ወይም የተቀመጠ ጳጳስ ካያችሁ፣ አቡነ ጴጥሮስ ሊሆኑ አይችሉም። አቡነ ጴጥሮስ ያኔ በሕይወት የሉም።

ታዲያ ማን ሊሆን ይችላል? በዕለቱ በቦታው ከነበሩት አንዱ ግብፃዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ቄርሎስ ናቸው። በቦምቡ ቆስለዋል፤ ጥላ ያዣቸውም ሞቷል። በዚያ ዘመን የነበሩ ሌሎች ጳጳሳትም አሉ። በ1921 ዓ.ም. በካይሮ ጵጵስና ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን መካከል አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ አብርሃም ይገኙበታል። አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. በጎሬ በጣሊያን ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን ለጣሊያን አደሩ፤ ኋላም ጣሊያን የቤተ ክርስቲያኒቱ የበላይ አድርጎ ሾማቸው።

ነገሩ እዚህ ላይ ይከብዳል። በደበዘዘ ፎቶ ላይ የሚታየው ጥቁር ቀሚስ፣ ጢምና መስቀል ብቻ ከሆነ ሁሉም ጳጳስ ይመሳሰላል። በግምት ስም ስንሰጥ «ለጠላት አትገዙ» ብሎ የሞተውን ሰው ለጠላት ባደረው ሰው ፊት ልንተካው እንችላለን። ሰማዕቱን እናከብራለን እያልን የምንስመው የሌላ ሰው ፊት ይሆናል።

አብርሃምና ሞገስም ላይ የሚሆነው እንዲሁ ነው። ሁለቱ ወጣቶች ቦምቡን ከወረወሩ በኋላ በከተማው አልተያዙም። ስምዖን አደፍርስ በመኪና ከአዲስ አበባ አውጥቷቸው ወደ ደብረ ሊባኖስ አቅጣጫ አመለጡ። ከአርበኞች ጋር ቆይተው ወደ ሱዳን ሲያቀኑ መንገድ ላይ ተገደሉ። ተይዞ በግርፋት የሞተው ስምዖን ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ እጃቸው ታስሮ ወይም ተሰቅለው የሚታዩ ሁለት ወጣቶች «አብርሃምና ሞገስ» ተብለው ከመጡላችሁ፣ ስሙ ስህተት መሆኑን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል።

ግን ያኔ የሚከተለው ጥያቄ ይመጣል፤ እነዚያ የተሰቀሉት ሁለት ልጆች እነማን ናቸው?

ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። የተሳሳተ ስም ሁለት ሰው ያጠፋል። ስሙን የተዋሰነውን ሰው ታሪኩን እናበላሽበታለን። ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ደግሞ ሁለተኛ እንገድለዋለን። እናት ነበረው፣ ሰፈር ነበረው፤ ምናልባት አራዳ ሱቅ ሲጠብቅ የነበረ ልጅ ነው። በእነዚያ ሦስት ቀናት ያለቁት አብዛኞቹ ከቦምቡ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበራቸውም። የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ይላል። የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19,000 ይገምታል። ከእነዚህ ውስጥ በስም የምናውቃቸው ስንት ናቸው?

ይህ የእኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1914 እ.ኤ.አ. በሳራዬቮ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ከተገደለ በኋላ ፖሊሶች አንድ ወጣት እየጎተቱ ሲወስዱ የሚያሳየው ዝነኛ ፎቶ አለ። ለብዙ አሥርት ዓመታት «ገዳዩ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ ሲያዝ» እየተባለ በየመጽሐፉ ታተመ። ዛሬ ብዙ የታሪክ ባለሙያዎች ሰውየው ፈርዲናንድ ቤር የተባለ፣ በግርግሩ መሀል የተያዘ ሰው ነው ይላሉ። የዓለም ጦርነት በጫረ ግድያ ላይ እንኳ እንዲህ ከተሳሳቱ፣ ገዳዮቹ ራሳቸው ባነሱት ፎቶ ላይማ እንዴት አንሳሳት?

የእኛዎቹ ፎቶዎች ብዙዎቹ በጣሊያን ወታደሮች ኪስ የነበሩ ናቸውና። ወታደሩ ሲያነሳ ለመታሰቢያ፣ ለፉከራ ነው። የሟቹን ስም አልጠየቀም። ስሙን ኋላ ላይ የጨመርነው እኛ ነን፤ የጨመርነውም የምናውቀውን ጥቂት ስም ነው።

«ዋናው ግፉ መፈጸሙ ነው፣ ስሙ ምን ይለውጣል?» የሚል አይጠፋም። ይለውጣል። ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ለፈጸመው ወንጀል ሳይጠየቅ ነው የሞተው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። ግፉን መካድ የሚፈልግ ሰው አንድ የተሳሳተ ፎቶ ይበቃዋል፤ «ይሄ ውሸት ከሆነ ሌላውስ?» ይላል። እውነት በእጃችን እያለ ለምን በግምት እናቆሽሻለን?

ጊዜውም እየጠበበ ነው። አንድ ፎቶ የት እንደተነሳ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከሰውየው ጀርባ ባለው ነገር ነው፤ በሰገነቱ፣ በመስኮቱ፣ በመንገዱ ቁልቁለት። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ከእነዚህ ምስክሮች ብዙዎቹ አብረው ሄዱ። ልማቱን ደግፉም ተቃወሙም፣ ይህ አይካድም። ነዋሪው ሲበተን ሣጥኑም፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው አልበምም ተበተነ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡሩ ግንባታ በ2005 ዓ.ም. ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ አራዳ ተመልሷል። ሐውልት ይመለሳል። የተበተነ አልበም ግን ማን ይመልሰዋል?

ስለዚህ ሦስት ነገር ልለምናችሁ። ፎቶ ሲደርሳችሁ ቀኑን ከታሪኩ ጋር አስተያዩ። ሰውየውን ካላወቃችሁት «ያልታወቀ ኢትዮጵያዊ» ብላችሁ ጻፉ፤ ይህ ውርደት አይደለም፣ ሐቅ ነው። ቤታችሁ የቆየ አልበም ካለ ደግሞ አያታችሁ በሕይወት እያሉ አጠገባቸው ተቀመጡና እያንዳንዱን ፊት ጠይቁ። ስሙን፣ ሰፈሩንና ዓመቱን ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል።